የጉቶ ተስፋ

ስለ ሁምቦ ተራራ ደን፥ እንዲሁም ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ከነጋዴዎችና ከአካባቢ ሕዝብ ጋር ስለሚሠሩት ሥራ

በመጽሐፈ ኢዮብ በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ተቆረጠ ዛፍ የተነገረውን የማያስታውስ ካህን አይገኝም። ጻድቁ ሰው በመከራው ጊዜ ያነሣው ጥያቄ ስለ ሰው ልጅ ፍጻሜ ነበር፤ ለምሳሌ የመረጠው ግን ጉቶን ነው። ከዚህም ኢዮብ የምድርን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ ይታወቃል። ዛፍ በተቆረጠ ጊዜ መንገደኛው ዛፉ ሞተ ብሎ ያልፋል፤ ገበሬው ግን ሥሩ በምድር ውስጥ ሕይወቱን ይዞ እንደሚቆይና እርጥበት ባገኘ ጊዜ እንደሚያቆጠቁጥ ያውቃል።

ይህ ነገር በምሳሌነት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በአገራችን በወላይታ ምድር በዚህ በእኛ ዘመን በዓይን የታየ ነው። በዚያ የሚገኝ አንድ የተራቆተ ተራራ ከጉቶው እንደ ገና ለምልሟል። ለዚህም ሥራ ሦስት ወገኖች ተባብረዋል፤ ይኸውም የተራራው ሥር ሕዝብ፥ ግብረ ሠናይ ድርጅትና በሩቅ አገር ያሉ ገንዘብ ከፋዮች ናቸው። ዛሬ እንዲህ ያለው ትብብር በዓለም ሁሉ እየበዛ ሄዷል፤ ወደ ገጠር አጥቢያዎችም መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ካህናትና ምእመናን የነገሩን ጥቅምና አደጋ አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ስለ ሆነ ይህን ትምህርት አቅርበናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

1ኛ፤ የነገሩ መነሻ

ምድራችን በአየር ተሸፍናለች። ፀሐይ የሰጠችው ሙቀት ሁሉ ተመልሶ ወደ ጠፈር እንዳይበተን ከአየሩ ክፍሎች ጥቂቶቹ ይዘው ያቆዩታል፤ ብርድ በበረታበት ሌሊት ጋቢ የደረበ ሰው የገላው ሙቀት ፈጥኖ እንደማይለየው ማለት ነው። ከእነዚህም ክፍሎች አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ይህ አየር በልኩ ሲሆን በረከት ነው፤ ልኩን ሲያልፍ ግን በሞቃት ቀን ጋቢ በጋቢ ላይ እንደ መደረብ ይሆናል።

የፋብሪካ ሥራ በዓለም ከመስፋፋቱ በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ክፍል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ግን ቍጥሩ ከ420 በላይ ደርሷል። የጨመረውም በመጀመሪያ የድንጋይ ከሰል፥ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በመቃጠላቸው፥ ሁለተኛም ደን በመመንጠሩ ነው። ዛፍ ሲያድግ ይህን አየር ስቦ ግንዱን፥ ቅርንጫፉንና ሥሩን ይሠራበታል፤ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ደግሞ ያው አየር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ደን ሲጠፋ የአየሩ ዕዳ ይበዛል፤ ደን ሲለማ ግን ዕዳው በጥቂቱም ቢሆን ይቃለላል።

መንግሥታት ይህን ተረድተው በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የመጀመሪያውን ውል ተዋዋሉ፤ በ1997 ደግሞ በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ተሰብስበው ብዙ ፋብሪካ ያላቸው አገሮች ጭሳቸውን በልክ እንዲወስኑ ተስማሙ። በኪዮቶው ውል 12ኛ አንቀጽ መሠረት፥ በድኻ አገር ውስጥ ጭስን የሚቀንስ ወይም ካርቦንን ከአየር የሚስብ ሥራ ቢሠራ ውጤቱ በቶን ተለክቶና ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር፤ ባለ ፋብሪካው አገር ወይም ኩባንያም ያን ወረቀት ገዝቶ ከራሱ ግዴታ ላይ ያስብለት ነበር። በተለምዶ «የካርቦን ሽያጭ» የሚባለው ይህ ነው። በሩቅ ከተማ የሚኖረው ነጋዴና በተራራ ሥር የሚኖረው ገበሬ በአንድ ውል ውስጥ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

2ኛ፤ የሦስቱ ወገኖች ድርሻ

በእንዲህ ያለው ሥራ የሚገናኙት ወገኖች እያንዳንዳቸው ያላቸውም የጎደላቸውም ነገር አለ።

ግብረ ሠናይ ድርጅት ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ነው። ያለው ሀብት ዕውቀትና ከሁለቱም ወገን ጋር መነጋገር መቻሉ ነው፤ የውሉን ቋንቋ ያነባል፥ የለኪውን ጥያቄ ይመልሳል። ነገር ግን መሬት የለውም፤ ሥራውም የተወሰነ ዘመን አለው። ገንዘቡ ሲያልቅ ወይም የተመደበለት ጊዜ ሲፈጸም ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል።

ኩባንያው ገንዘብ አለው፤ ጭሱም የእርሱ ነው። ለሕግ ሲል፥ ለስሙ ሲል ወይም ስለ ኅሊናው ሲል ወደዚህ ሥራ ይገባል። ሒሳብ አዋቂ ስለ ሆነ የከፈለበትን ነገር መለካት ይፈልጋል፤ ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን የተራራውን ሕዝብ በመልክ አያውቀውም።

የአካባቢው ሕዝብ መሬቱና ጕልበቱ አለው፤ የእያንዳንዱን ዛፍ ስምና ጠባይ ያውቃል፤ ደኑ ቢጠፋም ቢለማም ከዚያው የሚኖር እርሱ ነው። የጎደለው ጥሬ ገንዘብና በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ውል የሚያስረዳው ሰው ነው።

እነዚህ ወገኖች ሲቀራረቡ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አንዱ የሌላው ተቀጣሪ አለመሆኑ ነው። ለዚህ በአሜሪካ የተደረገ አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ ጕዳዩ ስለ ቍሻሻ እንጂ ስለ ደን ባይሆንም ትምህርቱ ለሁሉ ያገለግላል። በ1990 የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር የሆነው ኢንቫይሮንሜንታል ዲፌንስ ፈንድ ማክዶናልድስ ከተባለው የምግብ ኩባንያ ጋር አብሮ ለመሥራት ተስማማ፤ ለድካሙ ግን ከኩባንያው ገንዘብ አልተቀበለም። ኩባንያው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ምግብ ይቋጥርበት የነበረውን ሳይበሰብስ የሚኖር የአረፋ ሣጥን ትቶ ወደ ወረቀት እንደሚመለስ አስታወቀ። ማኅበሩ ተከፋይ ቢሆን ኖሮ ምክሩን ማንም ባላመነው ነበር። ዳኛ ከተከራካሪ እጅ ገንዘብ የተቀበለ እንደ ሆነ ፍርዱ እውነት ቢሆን እንኳ አይታመንምና።

3ኛ፤ ከኒጀር እስከ ሁምቦ

የወላይታው ሥራ የተገኘበት ጥበብ አስቀድሞ በምዕራብ አፍሪካ በኒጀር የታየ ስለ ሆነ በአጭሩ ከዚያ እንጀምራለን። ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራልያዊ የእርሻ ባለሙያ በ1981 ወደ ኒጀር ወደ ማራዲ አውራጃ ሄዶ በረሃማነትን ለመከላከል ችግኝ ያስተክል ነበር፤ የተተከለው ግን አብዛኛው ይደርቅበት ነበር። በ1983 አንድ ቀን በአሸዋማ መንገድ መኪናውን አቁሞ ሳለ በአቅራቢያው ያለውን ቁጥቋጦ ቀርቦ ቢመለከተው ቁጥቋጦ አልነበረም፤ ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነበር። በእርሻው ሁሉ እንዲህ ያሉ ጉቶዎች ሞልተው ነበር፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣሉ፥ በየዓመቱም ተቈርጠው ይቃጠላሉ ወይም ከብት ይበላቸዋል። ደኑ በምድር ውስጥ በሕይወት እያለ ሰዎች ግን ከሩቅ ችግኝ ያመጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ገበሬዎቹ ከእያንዳንዱ ጉቶ ላይ ጠንካራዎቹን ጥቂት ቡቃያዎች መርጠው እንዲተዉ፥ የቀሩትን እንዲገርዙና የተተዉትን ከከብት እንዲጠብቁ ተማሩ። ነገር ግን ጥበቡ ብቻውን አልበቃም። በቅኝ ግዛት ዘመን ከወጣው ሕግ የተነሣ ዛፍ የመንግሥት ንብረት ተብሎ ይቈጠር ስለ ነበር፥ ገበሬው በእርሻው ላይ ያለውን ዛፍ የእኔ ነው ብሎ አይጠብቀውም ነበር። የዛፉ ጥቅም ለጠበቀው ገበሬ እንዲሆን በተፈቀደለት ጊዜ ግን ልማዱ ከመንደር ወደ መንደር ተላለፈ፤ በኻያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል መሬት ዛፍ አበቀለ። ሪናውዶም በ2018 «አማራጭ የኖቤል ሽልማት» ተብሎ በሚጠራው ሽልማት ተሸልሟል።

ሁምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 420 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወላይታ የምትገኝ ወረዳ ናት። የተራራዋ ደን ለማገዶ፥ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ለብዙ ዘመን ተቈርጦ ተራራው ተራቍቶ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ወደ ምድር ሳይገባ አፈሩን እየጠረገ ይወርዳል፤ ከታች ያለው እርሻ በጎርፍ ይጐዳል፤ ምንጮች ይጐድላሉ። ድኽነትም ሰውን ወደ ከሰል ማክሰል፥ ከሰል ማክሰልም ተመልሶ ወደ ባሰ ድኽነት ይመራው ነበር።

በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ከአውስትራልያው ወርልድ ቪዥን ጋር ሆኖ ተራራውን ስለ መከለል ሕዝቡን ማነጋገር ጀመረ። ሕዝቡ ግን በመጀመሪያ አላመነም፤ መሬታችን ሊወሰድብን ነው ብሎ ፈራ። ይህ ፍርሃት የሚነቀፍ አይደለም። መሬቱ ሲከለል ከብት የሚሰማራበትና እንጨት የሚለቀምበት ቦታ ይዘጋል፤ ዛሬ የሚበላውን ለሚያጣ ድኻ፥ ከዓመታት በኋላ ጥቅም ታገኛለህ የሚለው ቃል ብቻውን አያጠግበውም።

ፍርሃቱን ያራቀው ስብከት ሳይሆን የመብት መረጋገጥ ነው። ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር በሚሆነው የተራራ መሬት ላይ የመጠቀም መብታቸው በሕግ ተረጋገጠላቸው። የመተዳደሪያ ደንባቸውን አወጡ፤ ዘብ አቆሙ፤ ከብት ወደ ክልሉ እንዳይገባ ከለከሉ፤ በፈንታው ሣሩን አጭዶ ተሸክሞ ለከብት ማቅረብ ተፈቀደ። ሲገረዝ የሚወድቀው እንጨትም ለማገዶ ሆነ። ከተራራው መሬት ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው የለማው በሕይወት ከነበሩት ጉቶዎች ነው፤ ጉቶ በጠፋበት ቦታ ብቻ ከችግኝ ጣቢያ የአገር ዛፍ እየመጣ ተተከለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሣሩ በዛ፥ አፈሩ ረጋ፥ የአራዊትና የአዕዋፍ ድምፅ ተመለሰ።

4ኛ፤ ስለ ገንዘቡ

የሁምቦ ሥራ በ2009 በታኅሣሥ ወር በኪዮቶው ደንብ መሠረት ተመዘገበ፤ በዚህ ደንብ ከተመዘገቡት የአፍሪካ ታላላቅ የደን ሥራዎችም የመጀመሪያው ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል ተብሎ ተገምቷል። ከዚህም ውስጥ 165,000 ቶን የሚሆነውን ለመግዛት የተዋዋለው በዓለም ባንክ ሥር የተቋቋመው ባዮካርቦን ፈንድ ነው። ይህ ፈንድ ብዙ ባለ ገንዘቦች በአንድነት ያዋጡበት ካዝና ሲሆን፥ ከአዋጮቹ መካከል መንግሥታት እንዲሁም የጃፓን የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ይገኙበታል። በ2012 መርማሪዎች ዛፉን ለክተው ከ73,000 በላይ የምስክር ወረቀት ተሰጠ።

ሕዝቡ ከዚህ ሽያጭ በዐሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ 726,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ለአንድ ቶን ሲካፈል 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ይህንኑ ገንዘብ ለ2,728 ሄክታርና ለዐሥር ዓመት ብናካፍለው ደግሞ ለአንድ ሄክታር በዓመት 27 ዶላር እንኳ አይሞላም። ማኅበራቱ በጋራ ስላዋሉት ወፍጮና የእህል መጋዘን ለመሥራት ረድቷቸዋል፤ ለየቤቱ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ግን ከአንድ ገበያ ቀን ባላለፈ ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ተራራውን የሚያስጠብቀው የካርቦኑ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ሥራውን ለማስጀመርና ሕዝቡን ለማደራጀት ይረዳል። ገበሬውን በየቀኑ ደስ የሚያሰኘው ግን ሣሩ፥ ማገዶው፥ የምንጩ ውኃና ከጎርፍ የዳነው እርሻው ነው። ውሉ ቢያልቅ እነዚህ አያልቁም። በካርቦን ገንዘብ ብቻ ተስፋ ያደረገ መንደር ግን ገበያው በወደቀ ቀን ምሳሩን እንደ ገና ሊያነሣ ይችላል።

5ኛ፤ ሊመረመሩ የሚገባቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ገንዘብ ጭስን ያነጻልን? የሚል ነው። አንድ ኩባንያ ለሁምቦ ደን ከከፈለ በኋላ ጭሱን እንደ ቀድሞው ቢለቅ፥ ጕዳቱ ተሰረዘ ማለት ይቻላልን? ይህን በቍጥር እንመርምረው። በድንጋይ ከሰል የሚሠራ 1,000 ሜጋ ዋት ኃይል ያለው አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እንግዲህ የሁምቦ ተራራ በ30 ዓመት ይስበዋል የተባለው 880,000 ቶን፥ እንዲህ ያለው አንድ ጣቢያ በሁለት ወር ያህል የሚለቀው ነው። ይህ የሁምቦን ሥራ አያሳንሰውም፤ ነገር ግን ዛፍ በመትከል ብቻ ጭሱ ሁሉ ይካካሳል የሚለውን አሳብ ከንቱ ያደርገዋል።

የንስሐ ትምህርትም ይህንኑ ያስረዳል። የጎረቤቱን እህል የሚሰርቅ ሰው ለሌላ ድኻ ቢመጸውት ምጽዋቱ በራሱ መልካም ነው፤ የጎረቤቱ ጎተራ ግን ከዚህ የተነሣ አይሞላም፤ ሰውየውም ስርቆቱን ካልተወ ንስሐ ገባ አይባልም። እንደዚሁም በመጀመሪያ ጭሱን እየቀነሰ፥ ሊቀንሰው ስላልቻለው ለደን የሚከፍል ኩባንያ መልካም ሠራ፤ ለደን ከፍሎ ጭሱን የሚያበዛ ግን ስሙን ገዛ እንጂ ዕዳውን አልከፈለም። ግብረ ሠናይ ድርጅቶችም ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ከፋዩን ስለዚህ ሊጠይቁት ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጊዜ ነው። ደን ሊቃጠል ወይም ሊቈረጥ ይችላል፤ የተቃጠለ የድንጋይ ከሰል ጭስ ግን በአየር ውስጥ እጅግ ረጅም ዘመን ይቆያል። የኪዮቶው ደንብ ይህን አስተውሎ ለደን ሥራ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ጊዜያዊ አድርጎታል፤ የተወሰነለት ዘመን ሲያልቅ ገዢው በሌላ እንዲተካው ያስገድደው ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ዛፍ አደራ እንጂ ሰረዝ አለመሆኑን መስክረዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሚዛን ነው። በ2023 በጥር ወር ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ከሌሎች ጋር ባወጣው ምርመራ፥ ከታላላቆቹ የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅቶች አንዱ ሊቈረጡ የነበሩ ሞቃት ደኖችን ስለ ማዳን ከሰጣቸው ወረቀቶች ውስጥ ከመቶ 90 እጅ የሚበልጡት እውነተኛ ቅናሽን የማያመለክቱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ጻፈ። ድርጅቱ ግን የስሌቱን መንገድ ነቅፎ ተከራክሯል። የክርክሩ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የበቀለን ዛፍ መለካት ይቻላል፥ ሥራው ባይኖር ኖሮ ሊቈረጥ ይችል የነበረውን ዛፍ ግን ማንም በገመድ ሊለካው አይችልም። ግምቱም በበዛ መጠን ሻጩም ገዢውም ስለሚጠቀሙ ሐሰተኛ ሚዛን በመካከላቸው በቀላሉ ይገባል።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ቤተ ክርስቲያናችንን ይነካታል። በኪዮቶው ደንብ መሠረት ለደን ልማት ወረቀት የሚሰጠው፥ ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ ደን ላልነበረበት መሬት ብቻ ነበር። ደኑን ያጠፋና በኋላ ያለማ ይከፈለው ነበር፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ደኑን ሳያስነካ ጠብቆ የኖረ ግን በዚህ በር አይገባም ነበር። በወንጌለ ሉቃስ በ15ኛው ምዕራፍ ታላቁ ወንድም ያቀረበውን አቤቱታ ይህ ያስታውሰናል፤ እርሱ ከቤት ሳይወጣ ሲያገለግል ኖሮ የሰባው ፍሪዳ የታረደው ጠፍቶ ለተመለሰው ነበር። በጠፋው መመለስ ልንደሰት ይገባናል፤ ሁምቦም በመለምለሟ ደስታችን ነው። ነገር ግን አባትየው ለታላቁ ልጅ የሰጠውን መልስ ልብ እንበል፤ ሳይወጣ የኖረው ልጅ በቤቱ ያለው ሁሉ የእርሱ ነው። ጠብቆ የኖረ ሰው ዋጋው ከሌላ እጅ የሚመጣ አይደለም፤ የጠበቀው ነገር ራሱ ዋጋው ነው።

6ኛ፤ በአጥር ውስጥ ያለው ደን

በደቡብ ጎንደር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ አገሩን የሚመለከት ሰው፥ በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህና እዚያ አረንጓዴ ነጠብጣቦችን ያያል፤ በየነጠብጣቡም መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የደን ሊቅ እንዲህ ያሉትን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች መርምረው በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፥ 168 የእንጨት ዕፀዋት ዓይነት በውስጣቸው መገኘቱን አሳይተዋል። የደኖቹ ስፋት ከ1 ሄክታር ከግማሽ ጥቂት ከሚበልጠው እስከ 100 ሄክታር ከሚደርሰው ይለያያል። በዙሪያቸው የጠፋው የአገር ዛፍ ዘር የቀረው በእነዚህ ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ የሚያሳስብ ነገርም ገልጧል። ትላልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ሕፃናቱ ችግኞች በከብት እየተረገጡና እየተበሉ አያድጉም። አባቶች እንጂ ልጆች የሌሉት ቤት ውሎ አድሮ ባዶ እንደሚሆን፥ ተተኪ ችግኝ የሌለው ደንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የዛፍ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማንና ትሪ ፋውንዴሽን ከተባለው ግብረ ሠናይ ማኅበራቸው ጋር ሆነው፥ ካህናቱንና ምእመናኑን አነጋግረው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማስካብ ጀመሩ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው እርሻ ነው፤ በዚህም ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል፥ ደኑም ከከብት ይጠበቃል። ካቡን የሚክበውም ሆነ የሚጠብቀው የአጥቢያው ሰው ነው።

የሁምቦውና የደቡብ ጎንደሩ ሥራ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአንዱ የካርቦን ገበያ አለ፥ በሌላው የለም። ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ግን ይህ ነው፤ የውጭው ሰው ያመጣው ዕውቀትና ጥቂት ገንዘብ ነው፥ መሬቱና ጥበቃው ግን ከባለቤቱ እጅ አልወጣም።

7ኛ፤ ልናደርገው የሚገባን

እንግዲህ ወደ አንድ አጥቢያ ወይም ገዳም ግብረ ሠናይ ድርጅት ወይም ነጋዴ መጥቶ ስለ ደን እንተባበር ቢል፥ በጥርጣሬ ብቻ ማባረርም በደስታ ብቻ መፈረምም አይገባም። የሰበካው ሽማግሌዎች ከመፈረማቸው በፊት አምስት ነገር ይጠይቁ።

አንደኛ፥ በመሬቱና በዛፉ ላይ ያለው መብት የማን ሆኖ ይቀራል? ይህ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ የቀረውን መስማት አያስፈልግም። ሁለተኛ፥ ውሉ በአማርኛ ወይም የአካባቢው ሰው በሚሰማው ቋንቋ ተጽፎ በጉባኤ ይነበባልን? በባዕድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ውል የፈረመውን ሰው እንደ ታሰረ ዕውር ያደርገዋል። ሦስተኛ፥ ገንዘቡ ስንት ነው፥ መቼ ይመጣል፥ በማን እጅ ይቀመጣል፥ ሒሳቡን ማን ይመረምራል? አራተኛ፥ ከብቱ የት ይሰማራል፥ ድኻዋ ማገዶዋን ከየት ታመጣለች? ለዚህ መልስ ካልተዘጋጀ ምሳሩ ከዚህ ተራራ ወደሚቀጥለው ተራራ ይዛወራል እንጂ አያርፍም። አምስተኛ፥ ከፋዩ ኩባንያ ስለ ራሱ ጭስ ምን እያደረገ ነው? ግብረ ሠናይ ድርጅቱ በሄደ ማግስትስ ሥራውን የሚቀጥለው ማን ነው?

እነዚህን ሁሉ በቅንነት የሚመልስ ወዳጅ ቢገኝ እጁን ልንጨብጥ ይገባል። ስለ ካህናት ግን ሌላ ተጨማሪ ነገር አለ። በቅጽሩ ውስጥ አሮጌውን ወይራ ቈርጦ በፈንታው ባሕር ዛፍ ለሽያጭ መትከል፥ ወይም ከብት በደኑ ውስጥ ሲሰማራ ዝም ማለት ለጊዜው ቀላል ይመስላል። አባቶቻችን ያቆዩልን ደን ግን የአንድ ትውልድ ገንዘብ አይደለም። ለዚህ ሥራ የውጭ እርዳታ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ድንጋዩ በማሳው አለ፥ ጕልበቱ በማኅበሩ አለ፥ ዘሩም በቅጽሩ ውስጥ ወድቋል።

አንባቢ ሆይ፤ በአካባቢህ የተራቆተ ኮረብታ ቢኖር ችግኝ ከሩቅ ከማምጣትህ በፊት ዝቅ ብለህ መሬቱን ተመልከት። ምናልባት ጉቶው ገና በሕይወት ይኖር ይሆናል፤ የሚፈልገውም ከምሳርና ከከብት የሚያሳርፉትን ጥቂት ዓመታት ነው። ፈጣሪ በምድር ውስጥ የሰወረውን ሕይወት አይተን እንድንጠብቅ ማስተዋልን ይስጠን፤ አሜን።